ሠላሳ ሰባት ጭረት

«ጭረቶቹ የሉም» አሉ ጋሼ ሃብተጽዮን።

ዱላውን ወደ መስኮቱ አስጠጉት። አዞሩት፣ መልሰው አዞሩት፤ እጀታውን በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። የዓይናቸው ሞራ በቀዶ ሕክምና ከተገፈፈ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ሐኪሙ እንዳያጎነብሱና ከባድ ዕቃ እንዳያነሱ አጥብቆ ነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን የዓይናቸው መሸፈኛ እንደተነሳ «እስቲ ልጆቼን ልያቸው» ብለው ቀጥ ብለው ወደ ግድግዳው ሄዱ። ልጆቼ የሚሏቸው ግድግዳው ላይ በረድፍ የተጋደሙትን አሥራ አንድ አሮጌ የቤዝቦል ዱላዎች ነው።

የምሥራች እናቷ የላከችውን ሾርባ እንደያዘች በሩ አጠገብ ቆማለች። ጆሮዋ ሲግል ይታወቃታል። የታመመ ልትጠይቅ መጥታ፣ አሁን እግሯ ወደ ደረጃው መልሶ ቢወስዳት ደስ ባላት ነበር።

እትዬ አልጣሽ የዓይን ጠብታውን ይዘው ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። ጋሼን ለመንከባከብ ከአንድ ድርጅት ተቀጥረው በየቀኑ የሚመጡ ሴት ናቸው፤ እሑድን እንኳ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አይቀሩም።

«አልጣሽ» አሉ ጋሼ ዝግ ብለው፣ «ይህን ዱላ አጥበሽዋል?»

«እኔ? ኧረ አልነካሁትም። ገና የመጣሁ ቀን አቧራውን እንኳ እንዳላራግፍ ነግረውኝ የለ?»

«ታጥቧል። ዘይትም ተቀብቷል። አሽትቺው።»

እትዬ አልጣሽ አሸተቱትና ቀስ ብለው መለሱላቸው። ጋሼ ወደ የምሥራች ዞሩ። ሊጠረጥሯት አልነበረም የዞሩት፣ ምስክር ፈልገው ነው። ዱላውን ለትምህርት ቤት ተውሳ፣ ዓርብ ዕለት፣ እሳቸው ለቀዶ ሕክምናው ሄደው ሳሉ መልሳ የሰቀለችው እሷ ናት።

«አንቺ ስትመልሺው ጭረቶቹ ነበሩ፣ አይደል?»

ጥያቄው መልሱን አዘጋጅቶላት ነው የመጣው። ከእሷ የሚጠበቀው መቀበል ብቻ ነበር።

«ነበሩ» አለች።

እትዬ አልጣሽ አዩዋት። ብዙም አልቆዩ፤ አይተዋት ወደ ጠብታቸው ተመለሱ። ጋሼ ደግሞ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ዱላውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። የምሥራች ሾርባውን የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት ይዛው ቆመች።

ጋሼ ሃብተጽዮን አባቷን ዴንቨር የተቀበሉት ሰው ናቸው። ያኔ እዚሁ ካፒቶል ሂል ሰፈር፣ እዚሁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራት ወንዶች በአንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። ሦስቱ አግብተው፣ ወልደው፣ መኪና ገዝተው ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ኦሮራ ሲሻገሩ እሳቸው ቀሩ። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነዱ። የሥራ ጓደኞቻቸው በእረፍት ቀናቸው እንቅልፋቸውን ሲጠግቡ፣ እሳቸው ባለቤቱ የሞተበት ቤት ዕቃ ሲሸጥ እየተከታተሉ ይዞራሉ። ሶፋና ሳህን አያዩም። በቀጥታ ምድር ቤት ወርደው ከደረጃው ሥርና ከማሞቂያው ኋላ በባትሪ ይፈልጋሉ። «አሜሪካኖች ዱላ አይጥሉም፣ ይረሱታል እንጂ» ይላሉ።

ደግሞ ዱላ ሁሉ ዱላ አይደለም። ከ1900 በፊት የተሠራ ካልሆነ በነፃ ቢሰጧቸውም አይወስዱም። እጀታው ወፍራም፣ ጫፉ ላይ ያለችው ጉብታ ትንሽ፣ ክብደቱም የዛሬ ልጅ ሁለቴ ቢያወዛውዘው ትከሻውን የሚያስይዘው መሆን አለበት። ከአሥራ አንዱ አንደኛው አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ በ1880ዎቹ ለጥቂት ዓመታት እንዲያ ያለ ዱላ ይፈቀድ ነበር። የምሥራች ልጅ ሆና መጀመሪያ ስታየው የሊጥ መዳመጫ ተበላሽቶ መስሏት ነበር፤ ጋሼ እስካሁን ይስቁባታል።

ነገሩ የጀመራቸው አስመራ ነው። ቃኘው በሚባለው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ወታደሮቹ ሲጫወቱ በሽቦው አጥር ቀዳዳ ያዩ ነበር። አንድ ቀን አንድ ወታደር የተሰበረ ዱላ በአጥሩ ላይ ወረወረላቸው። ቤት ወስደው አልጋቸው ሥር ደበቁት። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እናታቸው አንድደውበት ሽሮ ሠርተዋል። «ምን ታድርግ» ይላሉ ጋሼ ይህን ሲያወሩ፣ «እሷ ያየችው እንጨት ነው።»

የምሥራች ለምን ያረጀና የቆሸሸ ነገር እንደሚሰበስቡ የጠየቀቻቸው የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው። ጋሼ ዱላ አውርደው እጀታውን አሳዩዋት። ጠቁሯል፤ ሲነኩት ትንሽ ይይዛል።

«እንጨቱን እኮ አይደለም የምሰበስበው» አሏት። «እጁን ነው። ይሄ ጥቁር የሚታይሽ ላብ ነው፣ ሙጫ ነው፣ የሰው እጅ እድፍ ነው። ሰውዬው ስሙ ጠፍቷል። እጁ ግን ይኸው አለ።»

ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት አሥራ አንደኛውን ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ኮሜርስ ሲቲ ውስጥ ካለ አንድ ያረጀ ቤት ምድር ቤት ነው ያገኙት። ከእጀታው ከፍ ብሎ፣ ብርሃን ከጎን ካልበራበት የማይታይ፣ በእርሳስ የተጫረ ነገር አለበት። አምስት አምስት እየሆኑ የታሰሩ ሰባት ቡድኖች፣ በመጨረሻ ደግሞ ለብቻቸው የቆሙ ሁለት። ሠላሳ ሰባት ጭረት። ያ ሰው ምን እየቆጠረ እንደነበር የሚያውቅ የለም። ጋሼ አንድ ዓመት ያሸነፈበት ጨዋታ ነው ይላሉ፤ በሌላው ዓመት የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የዋለበት ቀን ነው ይላሉ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ጭረቶቹን አላዩዋቸውም። ቀዶ ሕክምናውን እሺ ያሉትም ለመንጃ ፈቃድ እንዳይመስላችሁ።

የታሪክ አስተማሪዋ «አንድ ዕቃ፣ አንድ ታሪክ» የሚል ሥራ ሲሰጡ የምሥራች አላመነታችም። ጋሼ ዱላውን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልለው ማክሰኞ ሰጧት። በሩ ላይ «እንዳለ መልሺው» አሏት። እሷ ያን ጊዜ ለጓደኛዋ ለኤቢ «ያዝኩት» ብላ ቴክስት እያደረገች ስለነበር ቀና ሳትል እሺ አለች።

ረቡዕ ዕለት ጋሼ እንዳስተማሯት የስልኳን መብራት ከጎን አብርታ ጭረቶቹን ፎቶ አነሳቻቸው። ሐሙስ ፎቶው በክፍሉ ግድግዳ ላይ ተልቆ ሲታይ ሁልጊዜ የሚተኛው ልጅ እንኳ ቀና ብሎ ቆጠረ። አስተማሪዋ ጥሩው ነገር መልሱን አለማወቃችን ነው አሉ። ኤ ሰጧት።

ቀጥሎ ምሳ ሰዓት ሆነ። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ልያዘው፣ ልያዘው ይላል። ኤቢ ቀይ በርበሬ የተነሰነሰበት ሆት ቺቶስ እየበላች ነበር። ጣቷ እስከ መሃሉ ቀይ ሆኗል፤ በዚያው እጇ ዱላውን አንስታ እንደ ተጫዋች ተንበርክካ ፎቶ ተነሳችበት። ሲመለስ እጀታው ላይ አምስት ቀይ ጣት ታትሟል። የምሥራች በሶፍት ስትጠርገው ይባስ ተለቀለቀ።

በእነየምሥራች ቤት አንድ ሕግ አለ። የሰው ዕቃ ታጥቦ ነው የሚመለስ። እናቷ ሰርካለም ጎረቤት ሳህን ቢያውሷት አሽታ አጥባ፣ ሲሆን ደግሞ የሆነ ነገር ጨምራበት ካልሆነ አትመልስም፤ ባዶና ቆሻሻ መመለስ እሷ ዘንድ ከስድብ እኩል ነው። የምሥራች ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሰው ሳህን ይዛ ስንት በር አንኳኩታለች። ስለዚህ ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደገባች ዱላውን ወደ ሳህን ማጠቢያው ወሰደችው። ሳሙና አደረገችበት። በአረንጓዴው መፈተጊያ ቀዩን ብቻ ላጥፋ ብላ ፈተገች። ቀዩ ሲለቅ ከሥሩ ነጣ ያለ እንጨት ብቅ አለ፤ ነጩ ደግሞ ከጥቁሩ ጋር አልሄድ አለ። ለማመሳሰል ጎኑን ፈተገች። ከዚያ ከፍ አለች። ከዚያ ዙሪያውን። ውሃው እንደ ሻይ ቀልቶ ሲወርድ እንዴት ቆሽሿል በእናትሽ እያለች ነበር። አደራርቃ የወይራ ዘይት ቀባችው። አብረቀረቀ። ጠረጴዛ ላይ አጋድማ ፎቶ አነሳችውና ለኤቢ ላከችላት። «አዲስ መሰለ!» ብላ ጻፈችበት።

ጭረቶቹ ትዝ ያሏት ከዚያ በኋላ ነው። መብራቱን ከጎን አበራች። ከዚያ ከሌላው ጎን። መስኮት ሥር ወሰደችው። ምንም የለም፤ ለስላሳ፣ ንጹሕ፣ ቆንጆ እንጨት ብቻ።

ደውላ መናገር ትችል ነበር። ነገ ቀዶ ሕክምና አለባቸው፣ ላስጨንቃቸው አይገባም ብላ ተወችው። ምክንያቱ ለሰው ቢነገር የሚያስመሰግን ነው። ዓርብ ዕለት ግን እሳቸው ቤት እንደማይኖሩ እያወቀች፣ ስለማይኖሩም ሄደች። በሩን የከፈቱላት እትዬ አልጣሽ ነበሩ፤ ቤቱን አዘጋጅተው ጋሼ ከሆስፒታል እስኪደውሉላቸው እየጠበቁ። ጁስ ሊቀዱላት ወደ ወጥ ቤት ሲገቡ እሷ ዱላውን ሰቀለችው። ስትሰቅለው ጭረት የነበረበትን ጎን ወደ ግድግዳው አዞረችው።

እሑድ ዕለት፣ ያቺን ቃል ከተናገረች በኋላ፣ ወደ ኦሮራ የመለሷት እትዬ አልጣሽ ናቸው። እምቢ የምትልበት ምክንያት አላገኘችም። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት እየያዛቸው ቆም፣ ሄድ ይላሉ። እትዬ አልጣሽ መዝሙሩን ቀነስ አድርገው ፕሮጀክቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቋት። ኤ ማግኘቷን ነገረቻቸው። ጎበዝ አሏት። ከሁለት መብራት በኋላ ደግሞ፣

«ዓርብ ዕለት ቸኩለሽ ነበር» አሉ መንገዱን እያዩ። «ጁስሽን እንኳ ሳትጨርሺ ነው የሄድሽው።»

የምሥራች አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነበር አለች። እትዬ አልጣሽ ራሳቸውን ነቀነቁና መዝሙሩን ከፍ አደረጉት። ሲያወርዷት እናትሽን ሰላም በይልኝ አሏት። አውቀው ይሁን ሳያውቁ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሥራች ይህንኑ ስታሰላስል ውላ ስታሰላስል ታመሻለች። የሚያውቁ ከሆነ ለምን ዝም አሉ? የማያውቁ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

ረቡዕ ዕለት የምሥራች ሳህን እያጠበች እናቷ ስልኳን ዘግታ ወጥ ቤት ገባች። ጋሼ ሃብተጽዮን ድርጅቱ ጋ ደውለው ሰው ይቀየርልኝ ማለታቸውን ነገረቻት። እትዬ አልጣሽን ኮሜርስ ሲቲ ላሉ አንዲት ሴትዮ መድበዋቸዋል። ለጋሼ ደግሞ አማርኛም ትግርኛም የማትሰማ ልጅ ተልካላቸዋለች፤ ጠብታውን አድርጋላቸው ስልኳን እያየች ትቀመጣለች አሉ።

«አልጣሽ ስታለቅስ ነው የዋለችው» አለች ሰርካለም። «ሥራውስ ይገኛል። አልነካሁም ብዬ ምዬ እንዴት አያምኑኝም ነው የምትለው። ዓመት ከስምንት ወር አብራቸው ኖራ።»

የምሥራች አንዱን ሳህን ደጋግማ ታጥባለች።

«እኔማ ምን አውቃለሁ» አለች እናቷ ማቀዝቀዣውን ከፍታ እያየች። «እሷ እንደሆነች አቧራ የለበሰ ነገር ማየት አትችልም። ሳታስበው አጥባው ይሆናል እኮ። ከዚያ ፈርታ ነው የካደችው። ፈርቶ መካድ ደግሞ ያለ ነው።»

የምሥራች እጇ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ መፈተጊያ አየችው። ያው ነው፣ አልተቀየረም። በዚያች ደቂቃ እናቷ ዞር ብላ «ምን ሆነሻል?» ብትላት ሁሉንም ትዘረግፈው ነበር። እናቷ ግን ለሌሊት ተራዋ ዩኒፎርሟን ልትተኩስ ሄደች።

በማግሥቱ ለኤቢ ነገረቻት። ኤቢ የራሷ ጣት ነገሩ ውስጥ ስላለ በጥሞና ሰማቻት። ሰምታ ስትጨርስ እንዲህ አለች፤

«ኦኬ፣ ዬሚ፣ ሊስን። ሊተራሊ ማንም አልሞተም። ሴትየዋ ሌላ ሥራ አግኝታለች፣ ራይት? ከታጠበ በኋላ ያነሳሽውን ሁለተኛውን ፎቶ ዲሊት አድርጊ፣ እኔም ቻቱን ዲሊት አደርጋለሁ። የመጀመሪያውን ፍሬም አድርገሽ ለሰውዬው ጊፍት ስጪው። ሂ ዊል ክራይ፣ ያለቅሳል። ደስ ይለዋል። ደን፣ አለቀ።»

የኤቢ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ግማሹ ትክክል ይሆናል። የመጀመሪያው ፎቶ በእርግጥ ጋሼ በዓለም ላይ ከሚፈልጉት ነገር ሁሉ በላይ ነው። ሠላሳ ሰባቱም ጭረት አንድ በአንድ ይታያል። ያለውም እሷ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። ይህን ወስዳ ብትሰጣቸው ያለቅሱ ይሆናል፤ ግንባሯን ይስማሉ፤ የምሥራች ባትኖር ኖሮ ይላሉ። ለአባቷም ደውለው ያመሰግናሉ። እሷ ደግሞ ያን ሁሉ ምስጋና ቁጭ ብላ ትቀበላለች። ይህን ስታስበው ፊቷ ጋለ። ግን አልጠላችውም፤ እውነቱን ለመናገር በማግሥቱ ዓርብ ሙሉ ቀን እንደዚያው ልታደርግ ወስና ነበር። ሁለተኛውን ፎቶ ለመሰረዝ ሁለት ጊዜ ከፍታ ሁለት ጊዜ ዘጋችው።

ቅዳሜ ጠዋት ከቤታቸው አጠገብ ባለው ፋርማሲ ፎቶ ማተሚያው ፊት ቆመች። የመጀመሪያውን መረጠች። ማሽኑ ሌላ ፎቶ ልጨምር ወይ ብሎ ጠየቃት። ከኋላዋ አንዲት ሴት ሕፃን በጋሪ ይዛ ተራ ትጠብቃለች። የምሥራች በቃኝ የሚለውን ልትነካ ጣቷን አነሳች። እትዬ አልጣሽ ዱላውን ተቀብለው ሲያሸቱ ታዩአት፣ እንዴት ቀስ ብለው እንደመለሱትም። የወይራ ዘይት ነው እኮ። ጋሼ ቤት የወይራ ዘይት የለም፤ ጋሼ ዘይት የሚባል ከሱፍ ውጭ አያስገቡም። የገዙትንና ያልገዙትን ደግሞ ከእትዬ አልጣሽ በላይ የሚያውቅ የለም። እንግዲያው ያን ጊዜውኑ አውቀው ነበር። አውቀው፣ በመኪናቸው ቤቷ ድረስ አድርሰዋት፣ ራሷ እንድትናገር መንገዱን ሁሉ ጠበቋት።

ሁለተኛውንም መረጠች።

አውቶቡሱ ኮልፋክስን ይዞ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ፖስታውን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። መውረጃዋ ሲደርስ ልለፈው ይሆን ብላ አሰበች፤ ግን አውቶቡሱን የሚያስቆመውን ገመድ የሳበችው ራሷ ናት። ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጣች። በሩን የከፈቱት ጋሼ ናቸው። ሸሚዛቸው አንድ ቁልፍ ዘሎ ተቆልፏል፤ እትዬ አልጣሽ ቢኖሩ እንደዚያ ሆነው በር አይከፍቱም ነበር። ሾርባ ይዛ የመጣች መስሏቸው እናትሽ አትደክምም ወይ አሏት። አሥራ አንደኛው መስቀያ ባዶ ነው። ዱላው ወንበሩ ጥግ ተደግፎ ቆሟል።

የመጀመሪያውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን ሊያደርጉ እጃቸውን ሰደዱ፤ እንደማያስፈልጋቸው ትዝ ሲላቸው ተዉት። ጎንበስ አሉ። ጣታቸው እያንዳንዷን ጭረት ነካ፤ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መጨረሻ ላይ «ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ሰባት» አሉና ቀና ሲሉ አዲሱ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ተባረኪ» አሉ። «ተባረኪ የኔ ልጅ። እኔ እኮ ለዘላለም ጠፋ ብዬ...»

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። የምሥራች ይህንን ያህል ይከብዳል ብላ አልገመተችም። ፖስታው ውስጥ ያለውን ሁለተኛ ፎቶ በጣቷ ትዳብሳለች። ጋሼ የእጇን ጀርባ መታ መታ አድርገው ሻይ ላፍላልሽ እያሉ ሲነሱ ፎቶውን አውጥታ ከመጀመሪያው ጎን አኖረችው።

ዱላው በእነሱ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይታያል። በዘይት ያብረቀርቃል። አጠገቡ አረንጓዴው መፈተጊያ ሳይነሳ ቀርቷል።

«ይሄ ሐሙስ ነው፣ ሳልመልሰው በፊት» አለች። «እትዬ አልጣሽ አልነኩትም። ያጠብኩት እኔ ነኝ። ነበሩ ያልኩዎት ውሸት ነው።»

ጋሼ ተመልሰው ተቀመጡ። ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ዱላው አዩ። ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። ጎረቤት ያለው ቴሌቪዥን በግድግዳው በኩል ይሰማል።

«እናቴ ያቺን ቁራጭ ስታነድ እንጨት ነው ያየችው» አሉ በመጨረሻ። «አንቺም እድፍ ነው ያየሽው። የሰው ዕቃ ታጥቦ ይመለሳል ተብለሽ ነው ያደግሽው፤ ሰርካለምን አውቃታለሁ። በእሱ አልቀየምሽም።»

የምሥራች ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

«ግን በሰው ላይ አስፈረድሽኝ። ዓይኔ በጠፋ ጊዜ እጄን ይዛ መንገድ ባሻገረችኝ ሴት ላይ። ደውዬ አንሷት አልኩ። እንዲህ ብዬ በዚህ አፌ።» ፎቶዎቹን ትተው እሷን አዩዋት። «በጣም ነው ያዘንኩብሽ።»

ይቅርታ ያድርጉልኝ አለች። እሳቸውም አድርጌያለሁ አላሉም፣ አላደርግም አላሉም። ስልካቸውን ከጠረጴዛው ጠርዝ አንስተው ስሙን መፈለግ ጀመሩ። ለሦስት ዓመት እትዬ አልጣሽና ሌላ ሰው ሲፈልጉላቸው ስለኖሩ፣ ስሞቹን አንድ በአንድ እያነበቡ ዝግ ብለው ይወርዳሉ። አገኙት። ጣታቸው ስሙ ላይ ቆመ።

የምሥራች ጋሼ ሲደውሉ፣ ሲያስረዱና ሲለምኑ፣ እሷ ደግሞ እዚህ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ስታዳምጥ ታያት። ይቀላል። እትዬ አልጣሽም ምናልባት ከእሳቸው አፍ ቢሰሙት ደስ ይላቸዋል። ግን መንገዱን ሁሉ የጠበቁት ጋሼን አልነበረም።

«እኔ ልደውልላቸው» አለች።

ጋሼ አዩዋት። ከዚያ ስልኩን ዘረጉላት። «ስትጨርሺ መልሺልኝ» አሉ፣ «እኔም የምላት አለኝ።»

ስልኩ ጠራ። ሦስት ጊዜ ጠራ። አይነሳም ይሆናል ብላ አሰበች፤ እንዳይነሳ አንድ ልቧ ተመኘ። ሁለቱ ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። አራተኛው ላይ ተነሳ። የእትዬ አልጣሽ ድምፅ እንደ ድሮው አልነበረም፤ ጨዋ፣ ጥንቅቅ ያለና የራቀ ነበር።

«አቤት ጋሼ» አሉ።

«ጋሼ አይደሉም» አለች የምሥራች። «እኔ ነኝ።»